ነስሩ እና ቦረቦሩ

የነስሩን ሞት የሰማሁት ከእንሴኖ ወደ ቡታጅራ በምትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ረዳቱ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ለሹፌሩ፣ «ኮሜንታተሩ ነስሩ ሞተ አሉ» አለው። ሹፌሩ ሲጮኽ የነበረውን ሬዲዮ ዘጋ። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» ተባለ ከፊትም ከኋላም። ከዚያ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ የነስሩን ድምፅ አስመስሎ፣ «ከቀኝ ክንፍ እትዬ ዘይነባ፣ ድንጋዩን በደረታቸው አበረዱት፣ ቀና አሉ፣ ማንን ነው የሚያዩት...» ብሎ ጀመረ።

ከፊቴ የተቀመጡት ሴት እንባቸውን በሻርፓቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ ኋላ ዞሩና፣ «ዘይነባ እኔ ነኝ» አሉ።

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ሴትየዋም ሳቁ፤ ሲስቁ እንባው ባሰባቸው። ሹፌሩ መንገዱን እያየ፣ «እኔን ደግሞ ባጃጁን አቁሞ የገባ ተቀያሪ ብሎኛል፣ ያኔ ባጃጅ ነበር የምነዳው» አለ። አንዱ ሌላውን ማስጨረስ አቃተው። እያንዳንዱ ሰው ነስሩ ስለ እሱ የተናገረውን ቃል በቃል ያስታውሳል፤ አንዳንዱ በየትኛው ድንጋይ ላይ እንደነበር ጭምር። ቡታጅራ ስንገባ አልቅሰን ይሁን ስቀን የወረድነው አላውቅም። ነስሩ ሞቶም ሰው ያነቃቃል።

ለማያውቀው ልንገር። ነስሩ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ልብስ የሚሸጥ፣ ቀጠን ያለ፣ አንገቱ ረጅም፣ ዓይኑ አንድ ቦታ የማያርፍ የመስቃን ሰው ነበር። ልብስ ሲሸጥ በሜጋፎን ነው። «ይቺን ሹራብ ቀላል እንዳታዩዋት፤ ከአውሮፓ ተነስታ፣ ባሕር አቋርጣ፣ ጅቡቲ ላይ ሁለት ተከላካይ አታላ ነው እዚህ የደረሰችው» ይላል። ሰው ሹራቧን ባይፈልጋትም ታሪኳን ሰምቶ ጥሏት መሄድ ይከብደዋል። እኔ ራሴ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን፣ ቡታጅራ ብርድ ነው ብሎ ያሳመነኝ እሱ ነው። ያን ወፍራም ካፖርት እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልለበስኩትም።

በዕረፍት ቀን ደግሞ ያንኑ ሜጋፎን ይዞ ከከተማው በታች ወዳለው ሜዳ ይወርዳል። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች ሲጋጠሙ ከሜዳው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አንድ እግሩን ሰቅሎ፣ ግራ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ጨዋታውን ያስተላልፋል። ለማን እንደሚያስተላልፍ ጠይቄው ነበር፤ ምክንያቱም የሚሰማው ሁሉ እዚያው ቆሞ በዓይኑ እያየ ነው። «ቲቸር፣ ሰው ያየውን ነገር ሌላ ሰው ካልነገረው አላየሁትም ብሎ ነው የሚያስበው» አለኝ። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ እንዲህ ዓይነት ወሬ አይገባኝም፤ በኋላ ግን ገባኝ።

ራሱ ኳስ መጫወት አይችልም። «አላህ ለሌላው እግር ሲያድል ለእኔ ጉሮሮ ደረሰኝ» ይላል። የፍጹም ቅጣት ምት አያይም፤ ልቡ አይችልም። ዓይኑን ጨፍኖ ከሰው ጩኸት እየገመተ ነው የሚያስተላልፈው፤ አንዴ የሳተውን ግብ ነው ብሎ ሁለት ሰፈር ሊያጣላ ነበር። ማንንም በስሙ ይጠራል። ተጫዋቹን ብቻ ሳይሆን ኳስ ያመጣውን፣ በዚያ የሚያልፈውን አህያ ነጂ፣ ከግድግዳ ላይ የተቀመጠችውን ሴት። «ሰው ስሙ ሲጠራ ጀርባው ይቀናል» የምትል አባባል ነበረችው። እኛ ሀገር ሰው የሚሞገሰው ሲሞት ነው፤ ነስሩ ግን በቁም አሞግሶ የጨረሰን ሰው ነው።

እንግዲህ ይህን ሜዳ የሚበላ ቦረቦር ነበር። መጀመሪያ ከተራራው የሚወርድ ጎርፍ የጫረው ጠባብ ቦይ ነው፤ ልጆች ይዘሉታል። ክረምት በመጣ ቁጥር እየሰፋና እየጠለቀ ሄዶ ሰው ቢገባበት ከላይ የማይታይበት ገደል ሆነ። የአንድ ሰው አጥር ወሰደ። የእግር መንገዱን ቆረጠ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ።

ቀበሌው በየዓመቱ ከጥር እስከ ክረምት መግቢያ እየደጋገመ የአፈር ጥበቃ ዘመቻ ይጠራል። ሰው ይመጣል፣ ስሙን ያስመዘግባል፣ አካፋው ላይ ተደግፎ ያወራል፣ ፀሐይ ሲበረታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሥራው ኃላፊ ትዕግሥት የምትባል የቸሃ ልጅ ነበረች፤ ወልቂጤ ተምራ፣ ወደ እኛ የተመደበች፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ። ሰውን ልታነሳሳ ብላ ቦረቦር የዋጣቸውን መንደሮች ፎቶ ሰብስባ አሳየች። ቤት ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ገደል ውስጥ የወደቀበት ነበረበት። ሰው አየ። ደነገጠ። ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ከመጣ እኛ በአካፋ ምን እናደርጋለን፤ ዱዓ እናድርግ እንጂ» አሉ። ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን ብሎ ሄደ። በሚቀጥለው ዘመቻ የመጣው ሰው ካለፈው ግማሽ አይሞላም። ፍርሃት ሰውን ያስሮጣል እውነት ነው፤ የሚያስሮጠው ግን ወደ ቤቱ ነው።

ነስሩም ከነዚያ ከማይመጡት አንዱ ነበር። እሱን ያመጣው አንድ የማዕዘን ምት ነው።

የሁለቱ ሰፈሮች ጨዋታ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ታች ሰፈር የማዕዘን ምት አገኘ። መቺው ወደ ኋላ ሄዶ፣ ተንደርድሮ ሲመጣ መሬቱ ከሥሩ ተደረመሰ። ባንዲራው፣ ማዕዘኑ፣ ልጁ፣ ሁሉም ወደ ቦረቦሩ ወረዱ። ሰው ጮኾ ሮጠ። ልጁ እስከ ወገቡ አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ኳሱን አቅፎ ተገኘ፤ ምንም አልሆነም። ሁሉም ከተረጋጋ በኋላ ከሜጋፎኑ የነስሩ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ፤ «ተመልካቾች፣ ተጫዋቹ ደህና ነው። የተጎዳው ሜዳው ነው።»

ያኑ ቀን ገና ፀሐይ ሳትገባ ነስሩ እቤቴ መጣ። አልተቀመጠም።

«ቲቸር፣ ይሄ ሜዳ ከሄደ እኔ ማን ነኝ?»

«ነጋዴ ነህ» አልኩት።

«ሰልባጅ ሻጭ ነኝ። ገበያው ሙሉ ሰልባጅ ሻጭ ነው።» በእጁ ወደ ሜዳው አቅጣጫ አመለከተ። «እኔ ሰው የሆንኩት እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ወላሂ፣ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር ካላደረግን በሚቀጥለው ዓመት ግቡ የሚቆምበት ቦታ የለም።»

ዘመቻውን እንደ ኳስ ጨዋታ ላስተላልፍ ሲለኝ ሳቅሁ። ትዕግሥትም ስትሰማ አልወደደችውም፤ «ይሄ ሥራ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» አለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን፣ «ከባዶ ሜዳ ይሻላል፣ ይምጣ» አለ።

የመጀመሪያውን ቀን ብታዩት። ድንጋዩ ያለው ከላይ ዳገቱ ሥር ነው፤ ጎርፉን የሚገታው የድንጋይ ክትር የሚሠራው ታች ቦረቦሩ ውስጥ ነው። ሰው ተሰልፎ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላል። እንደ ወትሮው ጥቂት ሰው እየተነጫነጨ ጀመረ። ነስሩ ከጉብታው ላይ አንድ እግሩን ሰቀለ፣ ሜጋፎኑን አስተካከለ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ። ጨዋታው ተጀምሯል። ድንጋዩ ከሙዘይን ተነሳ፣ ሙዘይን ለወልደ ማርያም፣ ወልደ ማርያም ሳያቆም በአንድ ንክኪ ለእትዬ ዘይነባ፣ ኧረ ምን ዓይነት አቀባበል ነው፣ እትዬ ዘይነባ ዛሬ የሃያ ዓመት ልጅ ሆነዋል፣ ለመምህሩ አሻገሩት፤ መምህሩ ይመረምረዋል፣ ሊያካፍለው ነው መሰለኝ፣ ቲቸር ልቀቀው፣ ቀሪ የለውም...»

ሰው ፈነዳ። እኔ ደግሞ አፍሬ ድንጋዩን ወረወርኩት፤ ፊቴ ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ ፈገግ ብሏል። ከዚያ ያለውን እንዴት ብዬ ልናገር። ድንጋዩ ከአንዱ ወደ አንዱ እየበረረ ይወርዳል፣ ነስሩ ስም እየጠራ ይከተለዋል፣ ታች ሲደርስ «ጎል» ይላል፣ ሰፈሩ ያስተጋባል። ጩኸቱን የሰማ ከገበያ ወጣ። ባጃጅ ነጂ ባጃጁን አቁሞ ገባ። ለለቅሶ የሚሄዱ ሴቶች «አንዴ ብቻ» ብለው ተሰለፉና ለቅሶው ላይ አረፈዱ። ማንም ስሙ ሳይጠራ አይሄድም፤ ከተጠራ በኋላም አይሄድም፤ ሁለተኛ ለመጠራት ዞሮ ሌላ ጫፍ ላይ ይሰለፋል። አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ እየሠራች፣ «ነስሩ፣ የልጄንም ስም ጥራልኝ» አለችው። «በጀርባ መስመር አብዱልከሪም ተኝቶ ይከላከላል» አለ ነስሩ። ያ ሁሉ ዓመት በፎቶ፣ በማስፈራሪያና በመዝገብ ያልመጣ ሰው ደስ ስላለው መጣ። እንደዚያ ቀን እጄ ተልጦ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ትዕግሥት ብቻ ታች ሆና አንድ ነገር ትናገራለች፤ እጇን ታወዛውዛለች፤ በሜጋፎኑ ድምፅና በጭብጨባው መሐል የሚሰማት የለም። ገና የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ክትሩ ከቦረቦሩ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ቆመ። ነስሩን በትከሻ ተሸክመን ወደ ከተማ ወጣን።

መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ አንድ ከሰዓት በኋላ ወረደ። ክትሩ ጎርፉን አንዴ እንኳ አላስቆመም። ድንጋዩ ተንከባሎ እስከ ታች ተበተነ፤ ይባስ ብሎ ውሃው በክትሩ ጎን ዞሮ የሜዳውን ዳር ቦጨቀው። የግቡ አንድ ቋሚ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስንደርስ ትዕግሥት ጭቃ ውስጥ ቆማ ታለቅስ ነበር። ነስሩን ስታየው እንባዋን ጠረገች።

«መሠረት ይቆፈር፣ ጫፉ ግድግዳው ውስጥ ይግባ፣ መሐሉ ዝቅ ይበልና ውሃው በእሱ ይለፍ እያልኩ ጉሮሮዬ ተዘጋ» አለችው። «አንተ የገነባኸው ጭብጨባ ነው።»

ነገሩ ነስሩን ነካው። የተነካ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል። በሚቀጥለው ዘመቻ ሰው ተሰብስቦ የፈረሰውን ሲያነሳ፣ የሐጂ ሽኩር ከብቶች በቦረቦሩ ተዳፋት ላይ ትዕግሥት ያስተከለችውን ሳር እየጋጡ ወረዱ። ሐጂ የታች ሰፈር ትልቅ ሰው ናቸው፤ ወተት የሚያስሸጡ፣ ሰው የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚከበር። ከከብቶቻቸው ኋላ በምርኩዛቸው ቀስ ብለው ይመጣሉ። ነስሩ ሜጋፎኑን አነሳ።

«ክትራችን ለምን እንደፈረሰ ታወቀ» አለ። «ዳኛው ወደ ሐጂ ሽኩር እየሄደ ነው። ኪሱን ይፈትሻል። ቀይ ካርድ፤ ለሐጂም፣ ለሰባቱም ላሞች።»

ሰው ሳቀ። ብዙ ሰው ሳቀ። ሐጂ ቆሙ፣ የሳቀውን ሰው በዓይናቸው አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩ፣ ከብቶቻቸውን ሰበሰቡና ሄዱ።

በቀጣዩ ጥሪ ከታች ሰፈር አንድ ሰው አልመጣም። የልጅ ልጆቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸው፣ እትዬ ዘይነባ ሳይቀሩ ቀሩ። ነስሩ ባዶውን የሰልፉን ግማሽ እያየ፣ «እውነቱን ነው እኮ የተናገርኩት፣ ቲቸር። ሳሩን በልተዋል» አለኝ።

«መብላቱንማ በልተዋል» አልኩት። «ግን አንተ እውነቱን ሰጥተሃቸው ሳቁን ለእኛ አከፋፈልከን። ሽማግሌ ሰው በከብቱ ፊት ይሳቅበት?»

ሽማግሌ ተላከ። ሐጂ ሻይ አስጠጥተው፣ በደንብ አስተናግደው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «የሰደበኝ በምን ነው? በዚያችው ይምጣ። በገበያ ቀን፣ ሰው በሞላበት።» ሽማግሌዎቹን ከበዳቸው፤ ነስሩ ገበያ ላይ እንጀራው ነው፤ በራሱ ሜጋፎን ራሱን አዋርዶ በማግስቱ ምን ብሎ ይጣራል? ሲነግሩት ግን ብዙም አላሰበም። «ሐጂ ልክ ናቸው» አለ።

ገበያው ሞልቶ በሚፈስበት ቀን ነስሩ የሰልባጅ እስሩ ላይ ወጣ። ሰው አዲስ ልብስ የመጣ መስሎት ተጠጋ።

«ዛሬ የምሸጠው የለም» አለ ነስሩ። ድምፁ ሜጋፎኑ ውስጥ ተሰነጠቀ። «ሐጂ ሽኩርን በዚህ ነገር አዋርጄአለሁ፤ በዚሁ ነው ይቅርታ የምጠይቀው። ክትሩን ያፈረሱት የሐጂ ላሞች አይደሉም። ክትሩን ያፈረሰው የእኔ ምላስ ነው። ባለሙያዋ ቀስ በሉ ስትል እኔ ፍጠኑ ብያለሁ፤ ስለሚጣፍጥ ነው ያልኩት። ቀይ ካርዱ የእኔ ነው። ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

ከአጠገቤ አንዲት በርበሬ ነጋዴ በግልጽ ታለቅስ ነበር። ሐጂ በሰው መሐል ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ መጡ። ነስሩ ከእስሩ ላይ ዘሎ ወርዶ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት።

«አውፍ ብዬሃለሁ። አላህም አውፍ ይበልህ» አሉት። ቀጥለው ደግሞ ዞር ብለው ትዕግሥትን ፈለጉ። «አንቺ ልጅ፣ ሳሩን ከተከለከሉ ላሞቼ ምን ይብሉ?»

«ሳሩ ያድግና እርስዎ ያጭዱታል፣ ሐጂ» አለች ትዕግሥት። «ላሞቹ እቤት ሆነው ይበላሉ። ተዳፋቱን የሚጎዳው መረገጡ ነው እንጂ መታጨዱ አያስቸግርም።»

«ታዲያ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ማን አለ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንም ከብት ወደ ቦረቦሩ ሊወርድ ሲል ከየት መጡ ሳይባል ሐጂ ይደርሳሉ፤ ነስሩ «በረኛችን» ይላቸዋል፤ እሳቸው የማይሰሙት መስሎት።

ከዚያ ነስሩ የሠራው ነገር ነው እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ። ትዕግሥትን «አሰልጣኝ» ብሎ እየጠራ ብዙ ከሰዓት በኋላ ቦረቦሩ ውስጥ ከእሷ ጋር ዋለ። ድንጋይ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ ትንሹ ድንጋይ ለምን የትልቁን ክፍተት እንደሚሞላ፣ የክትሩ ጫፍ ስንት ክንድ ግድግዳው ውስጥ እንደሚገባ ጠየቃት። ሁለተኛው ክትር ሲጀመር ሰው እንደ ቀድሞው ሊሮጥ ተሰልፏል። የነስሩ ድምፅ ግን ተለውጧል። ቀስ ብሏል። በሜጋፎን የሚያንሾካሹክ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

«ድንጋዩ ታች ደርሷል። ገና ነው፣ አታጨብጭቡ። ሙዘይን አንበረከከው። ያገላብጠዋል። ሰፊውን ጎን እየፈለገ ነው። አስቀመጠው። ተቀመጠ? ሐጂ ሽኩር በምርኩዛቸው መጡ። ገፋ አደረጉት። ይወዛወዛል። ሐጂ አልተስማሙም። ተመልሷል፣ ተመልሷል። ሙዘይን እንደገና። አሰልጣኟ ትንሽ ድንጋይ አቀበለችው። ሰካው። ሐጂ ገፉ። አሁንም ገፉ...»

አንዲት ሴት የጎረቤቷን ክንድ ጨምድዳለች።

«ጸና» አለ ነስሩ።

የዚያን ቀን ጩኸት ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ነበር። ድንጋይ ሲደርስ የነበረውን ጭብጨባ ድንጋይ ወደሚጸናበት አዛወረው፤ አዛወረውና ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ መሥራት እንዲያምረው አደረገ። ልጆች «ጸና ወይስ አልጸና» እያሉ ይወራረዱ ጀመር። የሚቸኩል ሰው ሲታይ «ኧረ ይጽና» ይባላል። አንድ ክትር ግንቦት ሙሉ ፈጀ፤ አንድ ሰው እንኳ ሰለቸኝ ሲል አልሰማሁም።

በኋለኞቹ ዓመታት ቦረቦሩ ከላይ እስከ ታች ክትር በክትር ሆነ፤ ሳሩ አድጎ ሐጂ በሸክም ይወስዱታል። ትዕግሥት ነስሩን አገሯ ቸሃ ድረስ ወስዳው ነበር፤ ቋንቋቸውን በቅጡ ሳይችል፣ በእግር መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ስም ጠይቆ አጠራቅሞ፣ ሲደርስ አገሩን በሙሉ በስሙ ጠርቶ አስነሳው አሉ። የታመመው ባለፈው በጋ ነው። ልጠይቀው ስሄድ ድምፁ አልቆ ነበር፤ በእጁ ምልክት እኔን እያስተላለፈ አሳቀኝ፤ በሩን ስከፍት፣ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ወንበር ስስብ። ያንን ካየሁ በኋላ ውጪ ወጥቼ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት።

ነስሩን ሳስበው ግን የሚመጣልኝ ያ የሕመም አልጋ አይደለም። ሁለተኛው ክትር ከተሠራ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ሐምሌ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዘቢዳር ተራራ በጥቁር ደመና ተሸፈነ። ከተማው ውስጥ ያን ያህል አልዘነበም፤ ተራራው ላይ ምን ያህል እንደወረደ ግን ሁላችንም ገባን። ማንም ማንን ሳይጠራ ሰው ዣንጥላና ላስቲክ እየደረበ ወደ ሜዳው ወረደ። ገበያው ሱቁን ዘጋ። ነስሩ ከጉብታው ላይ ሜጋፎኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ቆሟል፤ ትዕግሥት ከአጠገቤ፣ ሐጂ ከሁላችንም ፊት ዳሩ ላይ።

ጎርፉ ከመታየቱ በፊት ተሰማ። ከዚያ እንጨትና አፈር እየጎተተ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ቦረቦሩን ሞልቶ መጣ። ክትሩን ሲመታ መሬቱ ከእግራችን ሥር ነዘረ። ትዕግሥት ክንዴን ያዘች። ውሃው ከክትሩ ኋላ ቆመ፣ ተሽከረከረ፣ ከፍ አለ፣ ደግሞ ከፍ አለ። ከዳር አንድ ድንጋይ ሲነቃነቅ አየን። ሐጂ «ያ ረቢ» ብለው ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄዱ። ሰው ሁሉ ወደ ነስሩ ዞረ፤ እሱ ግን ሜጋፎኑን ደረቱ ላይ አቅፎ ጎርፉን ያያል። ዓይኑን አልጨፈነም።

ውሃው የክትሩ ከንፈር ላይ ደረሰና መሐል ላይ ዝቅ ባለችው ቦታ፣ ትዕግሥት በገመድ ለክታ ባስቀረቻት ቦታ፣ አለፈ። በዚያ ብቻ አለፈ። ከሜዳው ዳር አንድ ጓል አፈር ተላቆ ወደቀ፤ ሁላችንም ሌላ እንዳይከተል ጠበቅን። አልተከተለም። ጎርፉ ረጅም ሰዓት ጮኸ፣ አጉረመረመ፣ በመጨረሻም ዝቅ እያለ፣ እየቀጠነ ሄደ። ግቡ ቆሞ ነበር። ድንጋዮቹ ታጥበው፣ እያንዳንዳቸው ባስቀመጥናቸው ቦታ ነበሩ።

ነስሩ ላስቲኩን ፈታ። ሜጋፎኑን አነሳ፣ መልሶ አወረደ፣ ፊቱን በእጁ ጠረገ፣ እንደገና አነሳ።

«ጨዋታው አልቋል» አለ። «ዜሮ ለዜሮ።»

በሕይወቴ ብዙ ኳስ አይቻለሁ። በዜሮ ለዜሮ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተቃቅፎ ሲያለቅስ፣ ሐጂ ሽኩር ምርኩዛቸውን ወደ ላይ ሲወረውሩ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።